ስም ያልዞረ ቤት፣ ያልተመዘገበ ውል፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዋ በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ፣ በልብስ ንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። ጥያቄያቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ካርታና ፕላን ያለው መኖሪያ ቤት በ3,200,000 ብር ለመግዛት ተስማሙ። ውሉን ደላላው ያመጣው ጸሐፊ ጻፈው፤ ሻጭ፣ ገዢና ሦስት ምስክሮች ፈረሙበት። 2,000,000 ብር በባንክ፣ 600,000 ብር በእጅ ተከፈለ፤ ቀሪው 600,000 ብር ስም በሚዞርበት ቀን እንዲከፈል ተባለ። ጠያቂዋ ቁልፍ ተረክበው ገቡ፤ ከጓሮ በኩልም ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተው አከራዩ። ሻጩ ግን ውልና ማስረጃ ቀርቦ ለመፈረም ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ፣ አሁን “የቤት ዋጋ ጨምሯል፤ 1,500,000 ብር ጨምሪ፣ አለዚያ ገንዘብሽን ውሰጂና ቤቴን ልቀቂ” የሚል መልእክት በስልክ ልኳል። የሻጩ ባለቤት ውሉ በተጻፈበት ዕለት ቡና አፍልታ አስተናግዳለች እንጂ አልፈረመችም። ጠያቂዋ ሻጩን በሕግ ማስገደድ ይችሉ እንደሆነ፣ ለፖሊስ ማመልከት ይገባቸው እንደሆነ፣ ወይስ ገንዘባቸውን ተቀብለው ቢወጡ ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የተከበሩ ጠያቂ፣ ጉዳይዎ በከተማችን ከሚያጋጥሙ የቤት ክርክሮች እጅግ የተለመደው ዓይነት ነው። ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ “እውነቱ የእኔ ነው፣ ሦስት ምስክር አለኝ” ብሎ በቀጥታ ክስ ወደ መክፈት ይሮጣል። በእኔ አስተያየት ግን የእርስዎ ክስ የሚቆመውም የሚወድቀውም ከሁሉ በላይ ሻጩ ፍርድ ቤት ቀርቦ “ሸጫለሁ” ወይም “አልሸጥኩም” በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ስለዚህ ክሱ ከመጻፉ በፊት የሚሠሩት ሥራ ከክሱ ይልቅ ይመዝናል። ምክንያቱን ለማስረዳት ከሕጉ መነሣት ግድ ይላል። ውሉን ስላላየሁት የምሰጠው ማብራሪያ አጠቃላይ መሆኑን፣ ክስ ከመክፈትዎ በፊትም ሰነዱን አንብቦ ምክር የሚሰጥ ጠበቃ ዘንድ መቅረብ እንዳለብዎ አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። በዚህ በኩል እርስዎ ጽሑፍ አለዎት። ችግሩ ያለው በቁጥር 1723 ነው። ይህ ድንጋጌ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብትን የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መደረጉ ብቻ ሳይበቃ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ያዝዛል። ሕጉ ልዩ ፎርም አዝዞ ያ ፎርም ሳይጠበቅ ሲቀር ደግሞ ቁጥር 1720 ስምምነቱን እንደ ረቂቅ እንጂ እንደ ተፈጸመ ውል አይቆጥረውም። በተለምዶ “የመንደር ውል” የምንለው ወረቀት እንግዲህ በሕጉ ዓይን ገና ያላለቀ ነገር ነው።

ጸሐፊው በወረቀቱ ግርጌ “ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731፣ 1889፣ 2005 እና 2266 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው” ብሎ ጽፎ እንደሆነ አልጠራጠርም። ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም። 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ፣ 1889 ውሉን ያልፈጸመ ወገን የሚከፍለውን መቀጮ አስቀድሞ መወሰን እንደሚቻል፣ 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ስላለው ስምምነት ማስረጃ እንደሚሆን፣ 2266 ደግሞ የሽያጭ ውል ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ አንዳቸውም በ1723 የተፈለገውን ምዝገባ አይተኩም። የመንደር ጸሐፊዎቻችን ሌላውን ቁጥር ሁሉ ደርድረው ዋናውን 1723ን መዝለላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያው ወረቀት ላይ “ውሉን ያፈረሰ ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለተበዳይ ይህን ያህል ይከፍላል” የሚል ቃል ሰፍሮ ቢሆንም፣ ዋናው ውል ፈራሽ ከተባለ መቀጮው ለብቻው ቆሞ እንደማይቀር ልብ ይበሉ።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በ1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የማይጸና መሆኑን ወሰነ። ያ ውሳኔ በአገሪቱ የቤት ገበያ ላይ ትልቅ ድንጋጤ ፈጠረ፤ ቤት ሸጠው ገንዘብ የበሉ፣ ዋጋ ሲጨምር ግን “ውላችን አልተመዘገበም” የሚሉ ሻጮች በየፍርድ ቤቱ ይህንኑ መዝገብ እየጠቀሱ ተከራከሩ። በኋላ ግን ችሎቱ ተዋዋዮቹ ሽያጩ መደረጉን ካልካዱ፣ የምዝገባው መጉደል ብቻውን ውሉን ለማፍረስ ምክንያት እንደማይሆን የሚያመለክቱ ውሳኔዎችን ሰጥቷል። የእርስዎ ተስፋ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩም ጥሩ ጠበቃ ካቆመ መጀመሪያ የሚዘጋው ይህንኑ በር ነው።

እንዴት እንደሚዘጋው መገመት አይከብድም። መልስ ሲያቀርብ “ሸጬላታለሁ፤ ነገር ግን ውሉ አልተመዘገበም” ካለ ራሱን በራሱ አሰረ፤ ይህን የሚሉት ባብዛኛው ጠበቃ ሳያማክሩ መልስ የጻፉ ናቸው። የተመከረበት ሻጭ ግን “ቤት አልሸጥኩም፤ ወረቀቱ ለንግግር መነሻ የተጻፈ ረቂቅ ነው፤ በቤቱ የገባችው በኪራይ ነው፤ ገንዘቡም ብድር ነው” ይላል። እንዲህ ሲል ቢያንስ ገንዘቡን መቀበሉን አምኗልና ለእርስዎ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ አይሆንም፤ ቤቱ ግን ከእጅዎ የመውጣቱ ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ አሁን፣ ክስ ሳይኖር፣ ሻጩ ገና በዋጋ ጭማሪ በሚከራከርበትና ሽያጩን በማይክድበት ጊዜ፣ ቃሉን በጽሑፍ ማስቀረት ያስፈልጋል። የላከልዎት የስልክ መልእክት በዚህ ረገድ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ያልሸጠ ሰው “ጨምሪ” አይልምና። መልእክቱን እንዳያጠፉ፣ ስልኩንም እንዳይለውጡ፣ የላከበት ቁጥርና ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ አትመው እንዲያስቀምጡ እመክራለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ለእርስዎ ግን ማስጠንቀቂያው ከሕግ ግዴታነቱ ባሻገር ሻጩን የሚያናግር መሣሪያም ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ “በኅዳር 2015 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት፣ በታቦር ክፍለ ከተማ የሚገኘውንና በስምዎ ካርታ የወጣለትን መኖሪያ ቤት በ3,200,000 ብር ሸጠውልኝ፣ ከዚህም 2,600,000 ብር ተቀብለው ቤቱን አስረክበውኛል። ቀሪውን 600,000 ብር ስም በሚዞርበት ዕለት ለመክፈል በባንክ አዘጋጅቻለሁ። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ ሰነዶችን የሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ቀርበው ውሉን እንዲፈርሙልኝና ስሙን እንዲያዛውሩልኝ፣ ይህን ባያደርጉ መብቴን በፍርድ ቤት የምጠይቅ መሆኑን አስታውቃለሁ።”

በዚህ አጭር ደብዳቤ ውስጥ ስድብም ዛቻም የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሻጩ “ዋጋ ስለጨመረ ነው” ወይም “ጊዜ ስጪኝ” ብሎ ቢመልስ፣ ሽያጩን፣ የተቀበለውን ገንዘብና ርክክቡን አንድ በአንድ አምኖ መለሰ ማለት ነው። ዝም ቢል ዝምታው ብቻውን እንደ እምነት አይቆጠርም፤ ይሁንና ለዳኛው የነገሩን አካሄድ ያሳያል። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩ፤ ደረሰኙንም ይያዙ። በእጅ የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ግልባጩ ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለ ያዩ ሁለት ሰዎች ስማቸውንና ቀኑን ይጻፉበት። የ600,000 ብሩን ነገር ለማሳመር ብቻ የተጻፈ አድርገው እንዳያዩት፤ በቁጥር 1757 መሠረት የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ሌላውን “ፈጽምልኝ” ሊለው አይችልምና፣ ገንዘቡ በእርግጥ በሒሳብዎ ውስጥ መኖር አለበት። ለዕቃ ግዢ አውጥተውት ከሆነ መልሰው ሳይሞሉ ደብዳቤውን አይላኩ።

ስለ ማስረጃው ጥቂት ልጨምር። በባንክ የተላለፈውን 2,000,000 ብር የሚያሳይ መግለጫ ከቅርንጫፉ በማኅተም ያውጡ፤ ሲልኩ በምክንያቱ ቦታ “ለቤት ግዢ” ብለው ጽፈው ከነበረ “ብድር ነው” የሚለው ክርክር ያን ጊዜውኑ ይዳከማል። የእጅ በእጁ 600,000 ብር ይበልጥ ያሳስበኛል። ውሉ ላይ “ቆጥሬ ተረክቤያለሁ” የሚል ቃል ካለ፣ ዋናውን ወረቀት እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት፤ ለደላላም፣ ለሽማግሌም፣ ለፖሊስም ቢሆን ኮፒውን እንጂ ዋናውን አይስጡ። ምስክሮችዎን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ጉልበት አላቸው። ሕግ በጽሑፍ እንዲደረግ ያዘዘው ውል ሰነዱ የጠፋ፣ የተሰረቀ ወይም የተበላሸ ካልሆነ በቀር በምስክር ሊረዳ እንደማይችል ቁጥር 2003 ይደነግጋልና፣ ሦስቱ ሰዎች ለርክክቡና ለቤቱ አያያዝ ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ ያልተመዘገበን ውል የተመዘገበ አያደርጉትም።

አሁን ወደ ሻጩ ባለቤት እንምጣ፤ ከምዝገባው ቀጥሎ የሚያሠጋኝ ይህ ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የባል ብቻ አያደርገውም። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 63 በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በቁጥር 68 ደግሞ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ የክልሎች የቤተሰብ ሕጎችም በዚህ ረገድ በተመሳሳይ መስመር የሚሄዱ ናቸው። ቡና አፍልታ ማስተናገዷ፣ ገንዘቡ ሲቆጠር በቦታው መኖሯ ሽያጩን ታውቅ እንደነበረ ያሳይ ይሆናል፤ ማወቅና መስማማት ግን በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሻጩ ጉዳዩ ወደ መጥፎ ሲያዘነብልበት ብዙውን ጊዜ በሚስቱ በኩል “ድርሻዬ ያለፈቃዴ ተሸጠ” የሚል ተቃውሞ ያስነሣል። ስለዚህ በእርቅም ይሁን በፍርድ ስም የሚዞርበት ማንኛውም ሰነድ ላይ የእርሷ ፊርማ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ማስጠንቀቂያውንም ለሁለቱም በስማቸው ይላኩ። ቤቱን ከጋብቻ በፊት ያፈራው ወይም በውርስ ያገኘው ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ይህን ካርታው ከወጣበት ዘመንና ከጋብቻው ዘመን ጋር አስተያይተው ማወቅ ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ሳለ የከተማው መሬት ይዞታን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሄደው የማኅደሩን ሁኔታ ማጣራት ይኖርብዎታል። ማኅደሩን ለማየት ባለይዞታ አይደሉም ሊባሉ ይችላሉና፣ ውሉን ይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ። ሊያውቁት የሚገባው ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆን አለመሆኑን ነው። ሻጩ ካርታውን አስይዞ ከባንክ ተበድሮበት ከሆነ፣ የባንኩ የመያዣ መብት ከእርስዎ ያልተመዘገበ ውል ይቀድማል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጦ ያኛው ገዢ በአግባቡ ቢያስመዘግብ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2878 መሠረት ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የለውምና፣ የእርስዎ ሙግት ያን ጊዜ ከቤቱ ወደ ገንዘቡ ይወርዳል።

ይህን አደጋ የሚያቆመው የፍርድ ቤት እግድ ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ግለሰብ ማመልከቻ ዝውውር አያግድም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 ክርክር የተነሣበት ንብረት እንዳይሸጥ፣ እንዳይበላሽ ወይም ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ጊዜያዊ እግድ መስጠት እንዲቻል ይፈቅዳል። እግዱ የሚጠየቀው ከክሱ ጋር፣ በቃለ መሐላ በተደገፈ ማመልከቻ ነው። ሻጩ ቤቱን ለሌላ እያሳየ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለዎት፣ ደላላ ሰው ይዞ መጥቶም ከሆነ፣ ቀኑንና የመጣውን ሰው ማንነት ጽፈው ያስቀምጡ። እንዲህ ያለ ነገር እየተካሄደ ከሆነ ደግሞ ከላይ የጠቀስኩት 15 ቀን እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ክሱን ከእግድ ማመልከቻው ጋር ወዲያው ያቅርቡ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ በሚገኝ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ የዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 25 ስለሚደነግግ፣ ሻጩ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወርም ክሱ የሚታየው በሐዋሳ ነው። ሻጩ ነዋሪነቱ በሌላ ክልል ከሆነ ግን በሐዋሳ ካሉት ፍርድ ቤቶች የትኛው ሥልጣን አለው የሚል ጥያቄ ይነሣልና፣ መዝገብ ከመክፈትዎ በፊት ጠበቃዎ ይህን ይመርምር።

ክሱ ሲጻፍ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዳኝነት ጥያቄው ነው። “ውሉ ይፈጸምልኝ፣ ስሙ ይዛወርልኝ” ብቻ ብለው ቢጠይቁና ፍርድ ቤቱ ውሉ የማይጸና ሆኖ ቢያገኘው፣ ገንዘብዎን ለማስመለስ እንደገና ሌላ መዝገብ መክፈት፣ ሌላ የዳኝነት ክፍያ መክፈል ሊኖርብዎት ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የስም ማዛወሩ ሆኖ፣ “ይህ ባይቻል በአማራጭ የከፈልኩት 2,600,000 ብር ከወለዱ ጋር፣ ለሰርቪስ ክፍሎቹ ያወጣሁትም ወጪ ተመላሽ ይሁንልኝ” የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አብሮ መቀመጥ አለበት። የማስረጃ ዝርዝሩም ከክሱ ጋር መያያዝ ስላለበት፣ የግንባታውን ደረሰኝ፣ የአሸዋና የብሎኬት ክፍያ፣ የአናጺውንና የግንበኛውን የክፍያ ወረቀት ከአሁኑ ይሰብስቡ። ደረሰኝ ከሌለ የክፍሎቹን ዋጋ በባለሙያ ማስገመት ይቻላል።

ገንዘቡን ተቀብሎ ስለ መውጣት ለጠየቁት፣ መልሴ “አይቸኩሉ” የሚል ነው። ውል ሲፈርስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ ይመለሳሉ፤ እርስዎ ቤቱን፣ እርሱ ገንዘቡን ይመልሳል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። በ2015 የተሰጠ 2,600,000 ብር ግን ዛሬ ያንኑ ቤት አይገዛም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሲሚንቶውም፣ የብረቱም፣ የቤቱም ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ ነጋዴ የሆኑት እርስዎ ያውቁታል። በቁጥር 1751 የተመለከተው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነውና፣ ቢፈረድልዎትም ልዩነቱን አይሞላውም። ሻጩ “ገንዘብሽን ውሰጂ” ሲል ለጋስ ሆኖ እንዳይመስልዎ፤ ከሁለቱ መንገዶች ለእርሱ የሚያዋጣው ይኸኛው ነው። ሰርቪስ ክፍሎቹን ዝም ብሎ መውሰድም አይችልም፤ በሌላ ሰው ድካም ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው ካሣ እንዲከፍል ቁጥር 2162 ይደነግጋል። ምናልባት ሁሉን መዝነው መውጣቱን ቢመርጡ እንኳን፣ ገንዘቡ በባንክ ሙሉ በሙሉ ሳይገባልዎ ቁልፍ አያስረክቡ፤ ከፊሉን ተቀብለውም “ውሉን ትቻለሁ” የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

በድርድሩ ወቅት ሁለት ነገሮች በመፍትሔ መልክ ሊቀርቡልዎ ይችላሉ። አንደኛው፣ በሚመዘገበው ውል ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ፣ ለምሳሌ 900,000 ብር ተብሎ እንዲጻፍ ነው፤ ሻጩ ለግብሩ፣ ደላላው ደግሞ ለምዝገባ ወጪው እያለ ይገፋፋል። ይህ በታክስ ሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑ ሳይረሳ፣ ለእርስዎ በተለይ አደገኛ ነው፤ ነገ ያ ውል በሆነ ምክንያት ቢፈርስ፣ የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ማስረጃ ነውና ተመላሽ የሚሆንልዎ 900,000 ብር ብቻ ነው የሚል ክርክር ይነሣብዎታል። በቁጥር 2006 ደግሞ ከተጻፈው በተቃራኒ ምስክር ማሰማት አይፈቀድም። ሁለተኛው ማባበያ ውክልና ነው፤ “ስም ማዞሩ ይቆይ፣ ቤቱን እንድትሸጪ እንድትለውጪ ሙሉ ውክልና ልስጥሽ” ይባላል። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞትም ውክልናው ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጋፈጡት ወራሾቹን ነው። ውክልና ሻጩ ሩቅ አገር ሆኖ ሌላ ሰው ቀርቦ እንዲፈርምለት ይጠቅማል፤ ለገዢ የባለቤትነት መብት ግን አይሰጥም።

ፖሊስን በተመለከተ፣ ውል ያልፈጸመ ሰው ወንጀለኛ አይደለም። ጣቢያ ቢሄዱ “ይህ ፍትሐ ብሔር ነው” ብለው ቢመልሱዎት ትክክል ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 የሚቀጣው በሐሰት ነገር ወይም እውነቱን በመደበቅ ሌላውን አሳስቶ የማይገባ ጥቅም ያገኘን ሰው ነው። ካርታው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ቤቱን ቀድሞ ለሌላ ሸጦ ያንን ደብቆዎት ከነበረ፣ ያን ጊዜ ማመልከት ይገባል። ሻጩን ለማስፈራራት ብቻ የሚቀርብ አቤቱታ ግን የሚያመጣው ውጤት አንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ሽያጩን ሳይክድ የቆየውን ሰው ጠበቃ ጋ ይነዳዋል።

እስከዚያው ድረስ ከቤቱ አይውጡ። ሻጩ ቁልፍ ቢለውጥ፣ ውኃና መብራት ቢያስቆርጥ፣ ተከራዮችዎን “ኪራዩን ለእኔ ክፈሉ” ቢል፣ ይዞታዬ ተነካ የሚል ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 “ሁከት ይወገድልኝ” ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ይህ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በሻጩ ስም የሚመጣውን የውኃና የመብራት ሒሳብ እርስዎ እየከፈሉ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ “በኪራይ ነው የገባችው” የሚለውን ክርክር ለመስበር ይጠቅማል።

ሽምግልናን ብዙ የሕግ ሰዎች እንደ ጊዜ ማባከኛ ያዩታል፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ እኔ አልስማማም። በሲዳማ ዘንድ በአፊኒ ሥርዓት ሽማግሌዎች ፊት የቀረበ ሰው ያደረገውን አላደረግሁም ለማለት ይከብደዋል፤ የሌላውም ማኅበረሰብ ሽማግሌ ቢሆን እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎቹ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርገው ባልና ሚስቱን ካስፈረሙ፣ ጉዳዩ በዚያው ባያልቅ እንኳ ሽያጩ መደረጉን የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ አገኙ ማለት ነው። ጭማሪ መክፈል ሕጋዊ ግዴታ የለብዎትም። ቢሆንም ሻጩ ከ1,500,000 ብሩ ወርዶ መጠነኛ ነገር ላይ ቢደርስ፣ ለዓመታት ሊጓተት በሚችልና መጨረሻው በማይታወቅ ክርክር ፋንታ ያንን ከፍሎ መጨረስ ሞኝነት አይደለም፤ ለደንበኛዬም ይህንኑ እመክር ነበር። አከፋፈሉ ግን ይጠንቀቅ፤ ቀሪው 600,000 ብርና ጭማሪው በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ተይዞ ይቅረብ፣ ባልና ሚስቱ ሰነዶችን በሚያረጋግጠው ሹም ፊት ሲፈርሙ ያን ጊዜ ይሰጥ። ክሱ ተከፍቶ ሳለ ከታረቃችሁም ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 274 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት እንዲመዘገብ አድርጉ።

ለጠበቃ የሚከፍሉት ካጠረዎት፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላቱ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ምክር ይሰጣል፤ የዳኝነት ክፍያውን መክፈል የማይችል ሰውም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 በድሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ነጋዴ ነዎትና ይህ መፈቀዱ ግን ያጠራጥራል። የትም ቢሄዱ ዋናውን ውል ለማሳየት ይዘው፣ ኮፒውን ለመስጠት አዘጋጅተው፣ የባንኩን መግለጫ፣ የስልክ መልእክቱን ኅትመትና የማስጠንቀቂያውን ግልባጭ አንድ ላይ አያይዘው ይቅረቡ። ከውል የሚመነጭ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ስላለው ይርጋው፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ አያስቸኩልዎትም፤ የሚያስቸኩልዎት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ ነውና፣ የማኅደሩን ማጣራትና ማስጠንቀቂያውን በዚህ ሳምንት ይጀምሩ።